በችካሉ ጉድጓድ የተተከለ ቡና

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድሜ ለጋሼ ገብረ መድኅን፤ ካሉበት አዲስ አበባ ይድረስ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንደምን ነው? የክረምቱ ብርድ እንደ አምናው አስሮ አላስቀመጠዎትም ወይ? ባለቤትዎ እትዬ ዘውደነሽ እንደምን ናቸው? ልጆቹስ? ትንሹን ሳል ይዞታል ብለው ጽፈው ነበርና ለቀቀው ወይ? ወረቀቱ በሰላምታ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ ነው እንጂ ገና ብዙ እጠይቅዎት ነበር። እኛ ፈጣሪ ክብሩ ይስፋና ሁላችንም አለን። እናታችን ከአጠገቤ መደብ ላይ ተቀምጠው «ደህና ናት ብለሽ ጻፊ» ይሉኛል፤ እንደታዘዝኩት ጻፍኩ። እውነቱን ከፈለጉ ግን ዓይናቸው ደክሟል። ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው፤ ከሰኔ ወዲህም ከግቢው በር ወጥተው አያውቁም።

በዝምታዬ አይቀየሙኝ። ክረምቱን ሙሉ የሶር ወንዝ ሞልቶ ፖስታውም ነጋዴውም ከወዲያ ማዶ ቀርቶ ነበር። አሁን ግን የያዝኩት ወሬ ከአፌ ሊያመልጥ ደርሷል። ጋሼ፣ መንገድ ሊመጣልን ነው! የመኪና መንገድ! ከጅማ ተነሥቶ በበደሌ፣ በያዮና በሁሩሙ አልፎ መቱ የሚገባ፣ ከመቱም ጎሬ የሚወጣ። ባለቤቴ ኩመራ በበቅሎ የሚነግድ ሰው ነውና «ይህ መንገድ የበቅሎዎቼ መቃብር ነው» እያለ ይስቃል፤ ሲስቅ ግን ከጥርሱ ነው።

ወሬው ለእናታችን ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል። እርስዎ ከኮሪያ ቆስለው ከተመለሱ ወዲህ ኮርቻ ላይ መቀመጥ አልቻሉም። አውሮፕላኑ ጎሬ ድረስ ቢያመጣዎት እንኳ ከጎሬ እስከ መቱ ያለው ቁልቁለት ያው ቁልቁለት ነው። በቃሬዛ እናምጣዎት ብለን ብንጽፍልዎ «በእግሬ ከወጣሁበት አገር በሰው ትከሻ አልገባም» ብለው መለሱልን። ያን ቃል ሳነብላቸው እናታችን እንደ ልጅ ነው ያለቀሱት። ስለዚህ ሌላው ሰው የመኪና መንገድ ሲባል ስለ ቡናው ዋጋ ያስባል፤ እናታችን ግን እርስዎ ከመኪና ወርደው በበሩ ሲገቡ ነው የሚታያቸው። ይህን መንገድ የጠበቁት እንደ ምጽአት ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ኅዳር ላይ ነው። ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት አንድ ፈረንጅ መሐንዲስና አቶ ምንዳዬ የሚባሉ የሸዋ ሰው ቀያሽ ከነሠራተኞቻቸው መጥተው እኛ ግቢ አረፉ። አቶ ምንዳዬ ለፈረንጁ አስተርጓሚም ናቸው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መንገድ የሚሠራው በዶማ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዶማው መጨረሻ ነው የሚመጣው! መጀመሪያ በዓይን ይሠራል፣ ቀጥሎ በጥያቄ፣ ቀጥሎ በወረቀት። እነዚህ ሰዎች ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ መነጽር ሰቅለው ገና የሌለውን መንገድ ሲያዩት ይውላሉ። እናታችን «ጓዳዬን ሊያዩብኝ ነው» ብለው መስኮት ከልክለውን ሰነበቱ።

ፈረንጁ በየደረሰበት ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን በእጁ ያሻል፣ ያሸታል። ኩመራ «አሁንስ ሊቀምሰው ነው» ብሎ ሲያሾፍ፣ እውነትም በምላሱ ነካው። ሶር ዳር ወርደው ደግሞ በዛፎቹ ግንድ ላይ የደረቀ ጭቃ ይፈልጋሉ፤ ሽማግሌውን አሮጊቱን ሁሉ «ወንዙ በዕድሜያችሁ እስከ የት ወጥቶ ያውቃል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ድልድዩ ቢያጥር ውኃው ይወስደዋል፣ ከልክ በላይ ቢረዝም ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ይባክናል አሉኝ አቶ ምንዳዬ። የእኛ አሮጊቶች የነገሩት ነገር በወረቀት ተጽፎ አዲስ አበባ ሊሄድ መሆኑን ስሰማ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቆጠራው ነው። ከመሻገሪያው አጠገብ ዳስ ጥለው የሚያልፈውን ሰውና ከብት፣ ቡናውን፣ ማሩን፣ ቆዳውን ሁሉ መዘገቡ። ከጎሬ ማዶ ካለው ከቡሬ መጥቶ የሚያልፈውን፣ ታሞ በሰው ተይዞ ወደ ጎሬ ሐኪም የሚሄደውን ሳይቀር። መንግሥት መንገድ የሚያወጣው ብዙ በሚጠቅምበት በኩል ስለሆነ፣ ገና ሳይሠራ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት መታወቅ አለበት አሉ። ይህ ወሬ ገበያ ውስጥ ሲገባ ምን ሆነ መሰለዎት? መቱ ሁሉ መንገደኛ ሆነ! ሽማግሌው ባዶ ጆንያ ተሸክሞ ይሻገራል፣ በላይኛው መሻገሪያ ዞሮ ተመልሶ እንደገና ይሻገራል። የኔው ጌታ ኩመራም በጆንያ ገለባ ሞልቶ በቅሎዎቹን ሲያመላልስ ዋለ። አቶ ምንዳዬ ግን ግንባረ ነጯን በቅሎ ለይተዋት ኖሮ «አቶ ኩመራ፣ ይህች በቅሎ አልደከማትም?» ብለው አሳፈሩት። ከዚያ ወዲህ ሲያገኛቸው ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደርጋል።

የሚለኩት ሁለት መስመር ነበር። አንደኛው በመቱ የሚያልፍ ነው። ሁለተኛው ሶርን ከላይ በኩል ተሻግሮ፣ መቱን ወደ ጎን ትቶ፣ ጋራ ጋራውን ወደ ጎሬ የሚወጣ ነው። ሁለቱ ተለክተው፣ ወጪና ጥቅማቸው ተመዝኖ፣ የሚሻለውን አዲስ አበባ ይመርጣል። በያንዳንዱ መስመር ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ችካል ይተክላሉ። የመቱው መስመር በጎረቤታችን በኦቦ አራርሳ ማሳ መካከል ነበር የሄደው።

ሰው ግን ይህን ሁሉ አላወቀም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? በእኛ አገር ገመድ ዘርግቶ መሬት የሚለካ ሰው ከታየ የሚታሰበው አንድ ነገር ነው፤ ቀላድ መጣ ማለት ነው። ተለክቶ ለሌላ ሊሰጥ ነው ማለት ነው። በዚህ እኔና እርስዎ ልንስቅ አንችልም። የአባታችን መሬት በቀላድ የተገኘ እንደሆነ፣ ያጡትም የኦቦ አራርሳ አባት እንደሆኑ መቱ ሁሉ ያውቃል። ኦቦ አራርሳ ጎረቤታችን ሆነው፣ በሐዘን በደስታው አብረውን ቆመው፣ ይህን ነገር አንድ ቀን አንሥተውብን አያውቁም። ያልተነሣ ነገር ግን የተረሳ ነው ማለት አይደለም።

ለጥምቀት ለኪዎቹ ወደ ጎሬ ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ከጋራው ራስ እስከ ሶር ድረስ አንድ ችካል የለም። ሁሉም ተነቅሏል። ሠራተኞቹ ቢፈልጉ ቢያስፈልጉ አየሁ የሚል ሰው ታጣ፤ መቱ እንደዚያ ቀን ዕውር ሆና አታውቅም። ፈረንጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። ወዲያው በአቶ ምንዳዬ በኩል የሰማነው ነገር ክው አደረገን። ዝናቡ ሊመጣ ነው፤ ያን ሁሉ ጫካ እንደ አዲስ እየመነጠሩ ለመለካት ጊዜ የለም፤ ወረቀቱ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ባጀት መድረስ አለበት። ስለዚህ በእጃቸው ያለውን አንዱን መስመር፣ መቱን የማይነካውን ይዘው ሊሄዱ ነው።

ይህን ለእናታችን ስነግራቸው አልጮሁም። «ልጄን ሊያስቀሩብኝ ነው» አሉና ብድግ ብለው ነጠላቸውን ለበሱ። እጃቸውን ይዤ ወደ ኦቦ አራርሳ ቤት ወሰድኳቸው። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ግቡ ሳይባሉ፣ በኦሮምኛ ነው የተናገሩት። ይህ ቀላድ አይደለም አሏቸው። «ቢፈሩ አልፈርድብዎትም፤ ለመፍራት ከእርስዎ የበለጠ የተገባው ሰው የለም። እኔ ግን ልጄ የሚመጣበት ሌላ መንገድ የለኝም» አሉ። ኦቦ አራርሳ የእናታችንን ፊት ያያሉ፣ ደግሞ ወደ ማሳቸው ያያሉ። በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ለመንገዱ የሚከፍለው ማን ነው? የከፈለ እኮ ነው ባለቤቱ። ስሙን ንገሩኝ፤ ስሙን ካወቅሁ የምፈራውን አውቃለሁ» አሉ።

ለዚህ መልስ ያላቸው አቶ ምንዳዬ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና ሽማግሌዎቹ ሕዝቡን ከዋርካው ሥር ሰበሰቡ፤ አቶ ምንዳዬም ቆመው በአማርኛ ተናገሩ፣ ኩመራ ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ጋሼ፣ ያን ቀን የሰማሁትን ነገር እስከ ዛሬ ስወቅጥም ስፈጭም አስበዋለሁ። መንገዱ የአንድ ጌታ አይደለም አሉ። ከፊሉ ወጪ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይወጣል። ከፊሉን መንግሥት ከውጭ አገር ባንክ ይበደረዋል፤ ብድሩም በየዓመቱ የሚመለሰው አገሩ ሁሉ ከሚከፍለው ግብርና ቀረጥ ነው። ለሚነሣው ቡና ካሣ ይከፈላል። የቀረውን ድንጋዩን፣ እንጨቱን፣ ጉልበቱን እኛ እንጨምርበታለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉ።

ኦቦ አራርሳ ተነሥተው «የሐረር ሰው ለኔ መንገድ ይከፍላል?» ሲሉ ጠየቁ። ይከፍላል አሉ አቶ ምንዳዬ፤ ከብት ሲሸጥ፣ ጨርቅ ሲገዛ ይከፍላል። የጎጃም አራሽም? አዎን፣ እርሱም። «ያውቀኛል?» አያውቅዎትም። «ታዲያ ለምን ይከፍላል?» አቶ ምንዳዬ ሳቅ አሉና «እርስዎስ ለእርሱ መክፈልዎን ያውቁ ነበር? እዚህ ገበያ ጨው በገዙ ቁጥር፣ ቡናዎ ኬላ ባለፈ ቁጥር፣ አይተውት በማያውቁት አገር ድልድይ ላይ ድንጋይ እያስቀመጡ ነው የኖሩት» አሉ።  እኔ እቴ በጨው ድልድይ የሠራሁ ሴት መሆኔን በዚያ ቀን አወቅሁ።  እኛ በዚህ በጫካ ውስጥ ብቻችንን ያለን ይመስለን ነበር፤ ለካ ሳንተዋወቅ ስንረዳዳ ነው የኖርነው።

ይህን ከሰሙ በኋላ ነው ኦቦ አራርሳ «እንግዲያው ኑ ተከተሉኝ» ብለው ገበያውን ሁሉ አስከትለው ወደ ማሳቸው የወጡት። እዚያ ያየነውን ነገር ብዙ ሰው ሲያወራው ይኖራል። ችካሎቹን የነቀሉት እርሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ነቅለው ግን ዝም አላሉም። መሬቱ ጠፍ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ፣ ባለቤት ያለው የለማ መሬት መሆኑን ለለኪዎቹ ለማሳየት፣ በያንዳንዱ የችካል ጉድጓድ ውስጥ የቡና ችግኝ ተክለዋል! ሌላው ማሳ ላይ ቡና እንደየዛፉ ጥላ እዚህም እዚያም ነው የሚተከለው። ይህ ግን ከጋራው ራስ እስከ ወንዙ ድረስ በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መንገዱን አጠፋን ያሉት ሰዎች መንገዱን በቡና ተክለውት ተገኙ።

ፈረንጁ መጀመሪያ አልገባውም። አቶ ምንዳዬ ሲያስረዱት ባርኔጣውን አወለቀ። በመነጽሩ ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው አየና መሳቅ ጀመረ፤ እርሱ ሲስቅ ኦቦ አራርሳ ሳቁ፣ ከዚያማ ሁሉም ሳቀ። በዚያው ሳምንት ችካሎቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ችግኞቹን ኦቦ አራርሳ አንድ በአንድ እያወጡ ከመስመሩ ውጭ አዛወሯቸው። ልኩም ዝናብ ሳይጥል አለቀና ሁለቱም መስመር በወረቀት ሆኖ አዲስ አበባ ሄደ።

ክረምቱን የጠበቅነው በጭንቀት ነው። እናታችን በየማለዳው «ከአዲስ አበባ ምን ተሰማ?» ይላሉ፤ ወንዙ ሞልቷል ስላቸው ወንዙን ይቆጣሉ። ባለፈው መስቀል ሰሞን አቶ ምንዳዬ ተመልሰው መጡና ውሳኔውን በገበያ አስነበቡ። መቱ የተመረጠችው በዚህ በኩል ቢያልፍ ብዙ ሰው ይጠቀማል ተብሎ ነው። እልልታው ጎሬ ሳይሰማ አልቀረም። ኦቦ አራርሳ አለቀሱ፤ ኩመራም በቅሎዎቹን ረስቶ ጨፈረ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን እናታችን እንድጠይቅላቸው የላኩኝ ነገር ነበር። ቤት ሆነው የሚጠብቁት ያችን መልስ ብቻ ነው። የመጀመሪያው መኪና መቱ መቼ ይገባል? አቶ ምንዳዬ ፊታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሥራው የሚጀመረው ከወዲያ ከጅማ በኩል ነው፤ በየዓመቱ ባጀት በተፈቀደው ልክ እየተሠራ፣ ወንዝ በወንዝ እየተሻገረ ነው የሚመጣው። አራት ዓመት አሉ፣ ምናልባትም አምስት።

ቤት ገብቼ ለእናታችን ነገርኳቸው። ራት አቀረብኩ፣ አልበሉም። አራት ዓመት ለወጣት እንጂ ለእርሳቸው ምን ይባላል? በማግስቱ ጠዋት ኩመራን አስጠሩ፣ ኦቦ አራርሳን አስጠሩ፤ እኔንም ወረቀትና ቀለም አምጪ አሉኝ። አባታችን ከእርስዎ ጎን አስቀምጠው ፊደል ያስቆጠሩኝ ለዚህ ቀን ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃል የእርሳቸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ልጄ ገብረ መድኅን፣ እናትህ ነኝ። መንገዱ እንደሚመጣ አምናለሁ። ይምጣ፤ ለልጆችህ ይሁን። እኔ ግን አልደርስበትም፤ ለኔ ዕድሜ ባጀት የሚፈቅድ የለም። በሰው ትከሻ አልገባም ብለሃል። ይህ መንገድ ራሱ በምን የሚመጣ መሰለህ? አገር ተሸክሞት ነው የሚመጣው። ስማችንን ሰምቶ የማያውቅ ሰው በሐረር፣ በጎጃም ሆኖ ይሸከምልናል፤ እኛም የእርሱን ስንሸከም ኖረናል። በዚህ ማንም አላፈረም። አንተ የመቱ ልጅ በመቱ ሰው ትከሻ ብትገባ የምን እፍረት ነው? ደግሞስ ወደዚህች ምድር መጀመሪያ የመጣኸው በእግርህ ነው ወይ? እኔ አይደለሁም የተሸከምኩህ?»

ይህን ብለው ሲጨርሱ ኦቦ አራርሳ ሽበታቸውን ሳያስቡ «የቃሬዛው የፊት ቀኝ የኔ ነው» አሉ። ልጃቸው ነመራ «አርጅተዋል እኮ» ቢላቸው ተቆጡት። ሌላውን ኩመራ ከነጋዴ ጓደኞቹ ጋር ተነጋግሮ ጨርሶታል። ከጎሬ እስከ መቱ እየተቀባበሉ ያመጡዎታል፤ ሴቶቹም በየማረፊያው ስንቅ ይዘን እንጠብቃለን። የአውሮፕላኑን ዋጋ አያስቡ። ኩመራ ለዚሁ ብሎ ግንባረ ነጯን በቅሎ ሸጧታል። እኔ ስቆጣው «ከእንግዲህ መኪና ለሚበላው ነገር ምን ታለቅሽያለሽ» አለኝ፤ ሲሸኛት ግን አንገቷን አቅፎ ብዙ ቆየ።

ለእትዬ ዘውደነሽ የእህትነት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ይህን ደብዳቤ እርሳቸውም ያንብቡት፤ ልብዎ እንዳይደነድን ይርዱን። ልጆቹን በየተራ ይሳሙልኝ፤ ትንሹን ሁለት ጊዜ። ልጄ ዋሪቱ አጎቴን አላውቀውም እያለች ታኮርፋለች፤ እርሷም እጅ ነሥታለች። ኩመራ፣ ኦቦ አራርሳ፣ ነመራና ሚስቱ ዓያንቱ ከነቤተሰባቸው በብዙ ሰላም ይሏችኋል።

መልስ ይጻፍልን ልል ስል እናታችን ከለከሉኝ። «እምቢ የሚል ከሆነ አይጻፍ፤ እሺ የሚልም ከሆነ አይጻፍ፤ የሚጽፍበትን ጊዜ ይምጣበት» ብለዋል።

እህትዎ ጥሩአየሁ
መቱ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.